«ረክተዋል?» ብዬ የጠየቅሁ ሰሞን

ውጤት ተኮር የሚሉት አዲስ አሠራር ወደ ወረዳችን ውሃ ጽሕፈት ቤት ሲወርድ የዕቅድ ባለሙያው እኔ ነበርሁ። ደብረ ታቦር ሰልጥኜ የተመለስሁ ሰሞን ከግብና ከመለኪያ በቀር ሌላ ነገር ከአፌ አይወጣም ነበር፤ ሚስቴ እንኳ «ሽሮው ስንት ከመቶ ነው?» እያለች ታሾፍብኝ ነበር።

ከመለኪያዎቹ አንዱ የተገልጋይ እርካታ ነው። የእጅ ፓምፕ ወደተጠገነላቸው ቀበሌዎች ወጥቼ «በአገልግሎታችን ረክተዋል?» እያልሁ ጠየቅሁ። «ይመስገን» ያላለኝ የለም። ሁሉም ረክተዋል ብዬ ለአለቃችን አቀረብሁ። የአለቃችን ባልና ትንሿ ልጃቸው ባሕር ዳር ናቸው፤ ወደዚያ ለመዛወር የሚወዳደሩትም በዚሁ ውጤት ነው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ ሳቁብኝ።

«አንተ የዚህ አገር ልጅ አይደለህም እንዴ? እንግዳ ደጅህ ድረስ መጥቶ እንዴት ነህ ቢልህ ብሶትህን ትዘረግፍበታለህ?»

በማግሥቱ ጉና ግርጌ ወዳለች አንዲት መንደር አብረን ወጣን። አንድ ሽማግሌ አጥራቸውን ሲያጥሩ አገኘን። አለቃችን ስለ እርካታ ትንፍሽ አላሉም፤ ስለ ገብሱና ስለ ውርጩ ሲጫወቱ ቆዩና፣ «አባቴ፣ ዛሬ ጧት ውሃ ከየት ቀዳችሁ?» አሏቸው።

«ከወንዝ ነዋ ልጄ። ፓምፑማ ጠግናችሁት በሄዳችሁ ሳምንት ዝም አለ።»

«ታዲያ ይሄ ልጅ ሲጠይቅዎ ምነው ሳይነግሩት ቀሩ?»

«ያን ሁሉ ዳገት ወጥቶ መጥቶ በምን አፌ ላሳዝነው!»

ቤት ለቤት እየዞርን ያንኑ ጠየቅን፤ መልሱም ያው ሆነ። አለቃችን ውጤቱን እንዳለ ላኩት። ዞን ላይ ግምገማ ሲደረግ የሌሎቹ ወረዳዎች እርካታ ሞልቶ የእኛ ብቻ ወድቆ ታየ። ሰብሳቢው ክፋት አልነበራቸውም፤ ለአለቃችን አዝነው ነው።

«እትዬ፣ ዝውውርዎን ያስቡ እንጂ። ይቺን ቁጥር ያስተካክሏት» አሉ።

«ሰዎቹ ወንዝ እየጠጡ ምን ብዬ ላስተካክል?» አሉና አለቃችን ተቀመጡ። ያን ጊዜ ኮራሁባቸው። እንዲህ ያለ አለቃ ከዚያ በፊት አልነበረኝም።

ዝውውሩ ለሌላ ሰው ወጣ። በሰማንበት ቀን ከቢሮ ወጥተን በባጃጅ ስንሄድ ልጃቸው ደወለች። «የኔ ዓለም፣ ዘንድሮም አልመጣም» አሏት። የልጅቱ ለቅሶ እኔ ድረስ ይሰማል። ስልኩን ዘግተው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና፣ «የዚያች መንደር ፓምፕ ዕቃው ደረሰ?» አሉኝ።