የእናቴ ጭስ

ስልኬ ያረጀሁ ይመስለዋል። እናቴን ጉልበቷን ሲያማት አንድ ጊዜ ስለ ቁርጥማት ጠይቄው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቅባት ግዛ፣ ከዘራ ግዛ እያለ ይነዘንዘኛል። የት እንደዋልሁ፣ ስንት ሰዓት እንደተኛሁ ያውቃል። የታመመው የማን ጉልበት እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አልለየም።

ይህን እያወቅሁ ነው እንግዲህ ለእናቴ ካሜራ የገዛሁላት። እኔ እንጅባራ ቢሮ እሠራለሁ፤ እሷ ከጥሊሊ ወጣ ብሎ ካለው መንደራችን ንቅንቅ አልልም ብላ ብቻዋን ትኖራለች። አንድ ቀን ብትወድቅ ማን ያይልኛል የሚለው ሐሳብ እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር። መንደሩ መብራት ሲገባለት መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ምድጃ ወሰድሁላት፤ ጭስ ዓይኗን ጨርሶት ነበርና። በዚህ በኩል ከዘመኑ ጋር ጠብ የለኝም። በዚያው ቀን ካሜራውን ደግሞ ደጁን እንዲያይ ከጣሪያው ሥር ሰቀልሁት። ያየውን ወደ ስልኬ ይልካል፤ በፀሐይ ነው የሚሠራው። ክረምት በመጣ ቁጥር ፀሐይ ፈቃድ በምትወጣበት አገር በፀሐይ የሚሠራ ዕቃ የሚገዛ ሰው መቼም እኔን ይመስላል።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮ እንደገባሁ ስልኬ ጮኸ። ብከፍተው ከማዶ ያሉት ጎረቤታችን ነጠላቸውን በቅጡ ሳይለብሱ ወደ እናቴ ደጅ ይሮጣሉ። ከኋላቸው ባላቸው፣ ከዚያ ሌሎች ተከተሉ፤ ግቢው ሰው ሞላ። ያገሬ ሰው በማለዳ እየሮጠ ደጅ የሚሞላው ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። እናቴ ጋ ደወልሁ፤ አታነሣም። ጉልበቴ ከዳኝ፤ ለአንድ ቀን እንኳ ስልኬ ልክ ሆነ። ሚኒባስ ውስጥ እያለቀስሁ ሄድሁ።

ስደርስ እናቴ የተቀቀለ ድንች ከበርበሬ ጋር አቅርባ ሰዎቹን ታበላለች።

«ጭሷን ብናጣ ነው የመጣን» አሉኝ ጎረቤታችን። «ወጥቼ ባይ፣ ቆሜ ብጠብቅ፣ ከጣሪያዋ ምንም የለም። እሷ ለካ በዚያ ጭስ በሌለው ዕቃህ ድንች ትቀቅላለች!» ያበጠውን ዓይኔን አይተው በአዊኛም በአማርኛም ሳቁብኝ።

በእኛ መንደር ማልዶ የተነሣ ሰው ደጅ ወጥቶ የየጎረቤቱን ጣሪያ ያያል። የጨሰው ቤት ደኅና አድሯል፤ ያልጨሰውን ሄደው ያንኳኳሉ። እኔ እዚያው ያደግሁት ሰው ይህን ረስቼ ጠባቂ ከሱቅ ገዛሁ።

ክረምት ገባ። ጉሙ ሲወርድ ካሜራው ዓይኑን ጨፈነ፤ ኔትወርኩም አገዘው። ሥጋቴ ተመለሰና አንድ ቅዳሜ በማለዳ ተነሥቼ ሄድሁ። ገና ከአስፋልቱ ስወርድ ከእናቴ ጣሪያ ጭስ ሲወጣ አየሁ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ተናደድሁ። ምድጃውን ትታው ይሆናል አልሁ።

ስገባ ድንቹ በኤሌክትሪኩ ላይ ይንተከተካል። ጥግ ላይ ግን ምንም ባልተጣደበት ጉልቻ መካከል፣ ለከሰል ከምንተክለው ዛፍ የተቆረጠ እርጥብ ቅጠል ይጨሳል።

«እማዬ፣ ይኸ ደግሞ ለምንድን ነው?»

«እሱማ ለነሱ ነው። ተነሥቻለሁ ለማለት።»

«ካሜራውስ?»

«እሱ ፀሐይ ስትወጣ ይጠይቀኛል። እነሱ በዝናብም ይመጣሉ።»

«ዓይንሽስ?»

«አጭሼው ወደ ውጭ እወጣለሁ። እኔም የነሱን አያለሁ እንጂ!»

ይህን ያህል ከእኔ ጋር የተከራከረች አይመስላትም፤ ድንቹን አውጥታ ልጣ ፊቴ አኖረችው። አጠገቤ ተቀመጠችና ትንሽ አየችኝ። እንጅባራን እስከ ዛሬ ቆሰበር ነው የምትለው።

«አንተስ» አለችኝ፣ «እዚያ ቆሰበር ብቻህን ነህ። ጠዋት ጭስህን ማን ያይልሃል?»

ስልኬ ያየኛል እንዳልላት ስልኬን አውቀዋለሁ። ከግድግዳዬ ወዲያ የሚኖረውን ተከራይ ስሙን እንኳ አላውቀውም፤ እሱም የእኔን አያውቅም። ስልኬማ አንድ ቀን ሳልነሣ ብቀር ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ አጠገቤ ሆኖ ቅባት ግዛ ይለኛል።