ከባልቲክ ዳር የመጡት የዘመሮ ሽማግሌዎች

እኔን ለማጨት የመጡት ሽማግሌዎች ሦስቱም የመንዝ፣ የዘመሮ ሰዎች ናቸው። አንዳቸውም ባሕር አይተው አያውቁም። የላካቸው ሰው ግን ባልቲክ የሚባል ባሕር ዳር ካለች አንዲት ትንሽ የፖላንድ ከተማ የመጣ ነው። ደንብ ደግሞ ደንብ ነው፤ ሽማግሌ የሚናገረው የላኪው ወገን ሆኖ ነው። ስለዚህ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት የመንዝ ሰዎች የሱፍ ባናቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ የፖላንድ ሰዎች ሆነው አባቴ ቤት ገቡ።

አገሪቱን ያስጠናኋቸው እኔ ነኝ። ሌላ ማን ያስጠናቸው? የሰውየው አማርኛ ከሰላምታ አያልፍም፤ ካለፈም ስለ ሣር ነው። ወደ እኛ አገር የመጣው የጓሳን ሣር ሊያጠና ነው። አባቴ ይህን ሲሰሙ «አገሩ ሣር የለም እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ፤ አለ ስላቸው «ታዲያ ምን አንከራተተው?» አሉ። እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ባሕር በዓይኔ ሳላይ ስለ ማዕበል ሳስተምር ዓመታት አልፈዋል፤ አንድም ተማሪ ጠርጥሮኝ አያውቅም። ከሰውየው ጋር የተዋወቅነውም ካርታ ሊዋስ ትምህርት ቤት መጥቶ ነው። ካርታችንን አይጥ ስለበላው ይቅርታ ስጠይቀው የሳቀው ሳቅ ደስ አለኝ። የቀረው የእኔና የእሱ ነው፤ አልናገርም።

ለአባቴ የነገርኳቸው ገብስ ሲወቁ ውለው ባረፉበት ሰዓት ነው። «ሰውየውን አይቼዋለሁ፤ ክፉ አይመስልም» አሉ። «አገሩን ግን አላውቀውም። አገሩን የማላውቀውን ሰው ደግሞ አላውቀውም። ሽማግሌ ይላክና አገሩን ያስረዱኝ።»

እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ያለ ምርቃታቸው አግብቼ ባሕር አልሻገርም፤ ይህን ለሰውየውም ቁርጡን ነግሬዋለሁ። አባቴ እምቢ ካሉ እምቢ ነው። የእኔ ዕድል እንግዲህ በሦስት አዛውንቶች የጂኦግራፊ ፈተና ላይ ተንጠለጠለ።

አንደኛው መሪጌታ ናቸው። ሰውየው በእኛ እምነት ሊጠመቅ፣ በእኔ አስተርጓሚነት እሳቸው ዘንድ ይማር ስለነበር የሃይማኖቱን ነገር ለእሳቸው ትተነዋል። ሁለተኛው ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው፤ አገር አይቻለሁ በማለት ማንም አይቀድማቸውም። ሦስተኛው ለብዙ ዘመን የቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩ ሰው ናቸው። ሥራውን ቢተዉትም ሥራው እሳቸውን አልተዋቸውም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባዶ ክፍል አስከፍቼ በተማሪ ዴስክ አስቀመጥኳቸው። ሾፌሩ ጉልበታቸው አልገባ ብሎ በጎን ተቀመጡ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ከተማዋን ሣልኩላቸው፤ በስተሰሜን ባሕር፣ በስተደቡብ ሐይቅ፣ በመሃል እንደ መቀነት የቀጠነች መሬት። ከተማዋ ያለችው መቀነቷ ላይ ነው።

«ከላይም ውሃ ከታችም ውሃ» አሉ ዳኛው። «ታዲያ የሚያርሱት የቱን ነው?»

«አያርሱም፤ ዓሣ ያጠምዳሉ። ሙቀት ሲሆን ደግሞ ከየከተማው እንግዳ ይመጣና አሸዋው ላይ ሲተኛ ይውላል።»

«ታሞ?»

«ደኅና ሆኖ ነው።»

ሦስቱም ተያዩ። «ይህን ለአባትሽ አንነግርም» አሉ መሪጌታው።

መሪጌታው ነገር በዜማ ካልሆነ አይጸናላቸውም። ስለዚህ «ሰሜኑ ባሕር፣ ደቡቡ ሐይቅ፣ ምሥራቁ አሸዋ፣ ምዕራቡ ጥድ» የሚለውን በአራራይ ዜማ አወጡት። ሦስቱም በአንድ ድምፅ ሲያዜሙት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ኮፍያውን አውልቆ ገባና ሰሌዳውን ተሳለመ። ጥቁር ሰሌዳ ነው አልኩት፤ አልሰማኝም።

ሾፌሩን የያዛቸው የመርከብ መብራቱ ነው። ወደቡ አጠገብ ረጅም ማማ አለ፣ ማታ ማታ ለመርከቦች ያበራል አልኳቸው።

«ለምን መርከቡ የራሱን መብራት አያበራም?»

«ያበራል፤ ግን ዳሩን ሳያይ ቀርቦ አሸዋ ላይ እንዳይወጣ…»

«ገባኝ። ፍሬን የለውም።»

እንዲያ ለማለት እንዳልሆነ ባስረዳም የሚሰማኝ አላገኘሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሾፌሩ ለባልቲክ መርከበኞች ሁሉ እንደ ሙያ ወንድሞቻቸው ማዘን ጀመሩ።

ዳኛውን ደግሞ ያስነሳቸው ቤተ ክርስቲያኑ ነው። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ገደል አፋፍ ላይ አንድ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ነበረ። ሲሠራ ከባሕሩ ሩቅ ነበር አሉ። ባሕሩ ግን ገደሉን በየዓመቱ እየናደ፣ ቀርቦ ቀርቦ፣ በመጨረሻ በላው። ዛሬ የቀረው አንድ ግድግዳ ነው። ዳኛው ይህን ሲሰሙ ዴስካቸውን ይዘው ተነሡ።

«በየዓመቱ?»

«በየዓመቱ።»

«ትንሽ በትንሹ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ድንበር መግፋት ነው» አሉ። በሥራ ዘመናቸው በየክረምቱ አንድ ትልም እየጨመረ የጎረቤቱን ማሳ የሚበላ ገበሬ ስንቱን ዳኝተዋል። ሰዎቹ ምን እንዳደረጉ ሲጠይቁኝ፣ ግንድ በረድፍ ከዳር ጀምሮ ወደ ባሕሩ ውስጥ እንደሚቸክሉ፣ ግንዱም ማዕበሉን እንደሚያደክመው ነገርኳቸው። ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁ። ባሕሩ ጥፋተኛ መባሉንና ድንበሩ መቸከሉን ከእኔ አፍ የሰሙ ያህል መዝገቡን ዘጉት፤ እስከ ዛሬም እንደ ተዘጋ ነው።

ታሪኩ ላይ ስንደርስ ግን ጉድ ፈላ። ሰውየው የከተማውን ታሪክ ራሱ በቅጡ አያውቀውም፤ አያቱ ጋ ደወለ። አሮጊቷ እንደነገሩት ከተማዋ ቀድሞ የጀርመኖች ነበረች። ከትልቁ ጦርነት በኋላ ድንበር ሲቀየር ጀርመኖቹ ለቀው ሄዱ፤ በምትካቸው ከምሥራቅ በኩል አገራቸውን ያጡ ፖላንዶች በባቡርና በጋሪ እየተጫኑ መጡ። አያቱም በልጅነታቸው ከእነሱ ጋር መጡ። የገቡበት ቤት ውስጥ የቀድሞዎቹ ሰዎች ሳህን መደርደሪያው ላይ እንደ ተደረደረ ነበር።

«ርስት የላቸውማ» አሉ ዳኛው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

አባቴ ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ የታረሰ መሬት የሚያርሱ ሰው ናቸው። በእኛ መንደር መጤ ማለት ስድብ ባይሆንም ሙገሳም አይደለም። ሰው ሲጣላ ከሁሉ ነገር በፊት የሚመዘዘው እሱ ነው።

«ካልጠየቁን አናነሣውም» አሉ ዳኛው።

«ከጠየቁኝ አልዋሽም» አሉ መሪጌታው። «በዚህ ዕድሜዬ ለአንድ ሣር አጥኚ ብዬ ሲኦል አልገባም።»

«እኔ ወሬውን ወደ መብራቱ እወስደዋለሁ» አሉ ሾፌሩ። ያጽናናኛል ብለው ነው።

ሽማግሌ በሚገባበት ቀን ልጅቱ ጓዳ ሆና ምንም እንደማታውቅ ትሆናለች። እኔም ምንም እንደማላውቅ ሆኜ ከመጋረጃው ጀርባ በጆሮዬ ተለጠፍኩ። አባቴ ቁጭ በሉ ሲሏቸው፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ነው የመጣነው። አገራችን ፖላንድ ነው። የምንቀመጠው ባሕሩ ዳር ነው።»

«እርስዎ?» አሉ አባቴ። «ትናንት ከወፍጮ ቤት አብረን አልተመለስንም?»

«ያ እኔ ነኝ። ይህ ውክልና ነው።»

አባቴ ይህን ተቀበሉ። ሾፌሩና መሪጌታው የከተማዋን አቀማመጥ በዜማ አሰሙ፤ አባቴ መጨረሻው ላይ ከልምድ የተነሣ አሜን አሉ። ከዚያ ጥያቄ ጀመሩ።

«በጉ እንዴት ነው?»

ይህን አላስጠናሁም። ምላሴን ነከስኩ።

«በከተማው በግ የለም» አሉ መሪጌታው። «ዓሣ ነው ያላቸው።»

«ማን ይጠብቀዋል?»

«መብራት አለ» አሉ ሾፌሩ።

አባቴ ነገሩን ሲያወጡ ሲያወርዱ ቆዩና አለፉት። ቀጥለው ስለ ብርዱ ጠየቁ። ክረምታቸው ሲከፋ ባሕሩ ዳር ዳሩን በረዶ እንደሚሆን አስተምሬያቸው ነበር፤ የመንዝ ሰው ግን ከመንዝ የሚበርድ አገር አለ ብሎ በገዛ አፉ አይመሰክርም። ዳኛው ፖላንድነታቸውን ለአንድ አፍታ ረስተው «ብርድስ አለ፤ የእኛን ያህል ግን ልምድ የለውም» አሉ። አባቴ በዚህ ረኩ።

መሪጌታው የጥሎሹን ሐብል ከኪሳቸው አወጡ። አምበር የሚሉት፣ ማር የመሰለ ጨሌ ነው፤ እዚያ ባሕሩ ተቆጥቶ ሲያድር ጠዋት አሸዋው ላይ ይለቀማል።

«ዕንቁ ነው?»

«የጥድ ሙጫ ነው» አሉ መሪጌታው፤ አልዋሽም ብለዋላ።

«ልጄን በሙጫ?»

«አሮጌ ሙጫ ነው እኮ» አሉ ሾፌሩ። እዚያው ጓዳ ውስጥ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ያዳነን ቤተ ክርስቲያኑ ነው። ዳኛው የባሕሩን ነገር ከሥሩ አንሥተው በየዓመቱ የገፋውን፣ የናደውን፣ የበላውን ሲዘረዝሩ አባቴ ወደ ፊት አዘነበሉ። ንዋየ ቅድሳቱ ቀድሞ ወጥቶ እንደሆነ ጠየቁ፤ መሪጌታው ወጥቷል፣ ሌላም ቤተ ክርስቲያን ከባሕሩ ርቆ ተሠርቷል አሉ። ዳኛው ስለ ግንዱ ሲነግሯቸው ደግሞ ፊታቸው በራ።

«ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ይባላል። እነሱ ቸከሉበት?»

«ቸክለንበታል» አሉ ዳኛው፣ ግንዱን በትከሻቸው ያመላለሱ ይመስል።

«ድንበር የሚያስከብር ሰው ጥሩ ሰው ነው» አሉ አባቴ። «በሉ ቁጭ በሉ።» ሦስቱም ከመቆም ብዛት እየቃተቱ ተቀመጡ። እኔም እፎይ አልኩ። ያን ጊዜ አባቴ እንደ ዋዛ «መሬቱ ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ነዋ?» አሉ።

«ማማው ላይ ያለው መብራት…» ብለው ጀመሩ ሾፌሩ።

«መብራቱን ይተዉት።»

መሪጌታው ማተባቸውን ይዘው አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ። ጀርመኖቹ መሄዳቸውን፣ ጋሪውን፣ በልጅነታቸው የመጡትን አያት፣ የሰው ሳህን የተደረደረበትን ቤት። ዳኛው ስለ ይዞታና ስለ ይርጋ ሊያክሉ ሲሉ አባቴ በእጃቸው ዝም አሰኟቸው።

«ከተማው በሙሉ?»

«በሙሉ።»

«አንድም የአገሬው ሰው የለም?»

«ሁሉም ከሌላ ቦታ የመጣ ነው» አሉ መሪጌታው።

በልቤ ለሰውየው የምነግረውን ቃል መፈለግ ጀምሬ ነበር።

«ሚስቴን ያመጣኋት ከመርሐቤቴ ነው» አሉ አባቴ። «ያን ያህል ሩቅ አይደለም፤ የጀማን ሸለቆ መሻገር ነው። ይህ መንደር ግን ቆለኛዋ አላት። በገባች ሰሞን ቢሆን ደግ፤ ልጅ ወልዳም ቆለኛዋ ነበረች። ዝክር አዘጋጅታ ስታበላቸው የቆለኛዋ እጅ ይጣፍጣል አሉ። የተቀበረች ዕለት መንገደኛ ሰው የማን ቀብር ነው ብሎ ሲጠይቅ፣ የቆለኛዋ ነው ሲሉት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የሞተችው በሰው አገር ነው፤ የሰው አገር ያደረግንባትም እኛ ነን።»

ሽማግሌዎቹ አቀረቀሩ። ሦስቱም በዚያ ቀብር ላይ ነበሩ። እኔም ነበርኩ። አባቴ ያን ቃል ሰምተው ይህን ሁሉ ዓመት ይዘውት እንደኖሩ ግን አላውቅም ነበር።

«እዚያ ሁሉም መጤ ከሆነ» አሉ አባቴ፣ «ልጄን መጤ የሚላት ማን ነው?»

አባቴ ወደ መጋረጃው ዞረው ውጪ አሉኝ። ምንም እንደማታውቅ ልጅ መሆኑን ረስቼ፣ ፊቴ በእንባ እንደ ራሰ ወጣሁ።

«ሰጥቻለሁ» አሉ። «አንቺ ግን አንድ ነገር ማይልኝ። ከአንቺ ኋላ ወደዚያ ከተማ የምትመጣ ሴት አትጠፋም። ያቺን ሴት በስሟ ጥሪልኝ።»

ጉልበታቸውን ስሜ ማልኩላቸው።