ፖስትካርዱ ላይ የቆመው ዘበኛ

ፍሬም ሠሪው በዕድሜው ፍሬም ያላስገባው ነገር የለም፤ ሠርግ፣ ምርቃት፣ አንዴ እንዲያውም የጥርስ ራጅ። ቅናቱን ግን የሚችል ፍሬም አልተሠራም። ሚስቱ ለዳቦ ሻጩ ፈገግ ካለች ሳምንቱን ሙሉ እቤታቸው ዳቦ አይገባም።

አሁን ደግሞ ባላንጣው ጉንዳን የሚያህል ወታደር ሆነ።

ሚስቱ መስታወቷ ጥግ ላይ ያረጀ ፖስትካርድ ሰክታለች። የወታደሮች መታሰቢያ አዳራሽ ነው፣ ከነዓምዶቹ፣ ከነሰፊው ደረጃው። በሩ ላይ ጠመንጃ ያነገተ ዘበኛ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እሷም በየማለዳው ባሏን ዞር ብላ ሳታይ ወደ ፖስትካርዱ ጠጋ ትልና የሆነ ነገር ታንሾካሹካለች። እሱ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኖ በቅናት ይቃጠላል። አንድ ቀን በማጉያ መነጽር አየው፤ ሰውዬው ትከሻው ሰፊ ነው። ከዚያ ወዲህ ቁርሱንም ደረቱን ነፍቶ ይበላ ጀመር።

"ወገብህን አመመህ እንዴ?" አለችው።

"ቀጥ ማለት ለወታደር ብቻ ነው የተፈቀደው?"

ምኑም አልገባትም። ፖስትካርዱን ነቅላ ሰጠችው። "ጠርዙ እያለቀ ነው። የሰውን ሁሉ ታሳምራለህ፣ እስቲ አንዴ የኔንም።"

የሱ ሙያ አንድ ተንኮል አለው። ከመስታወቱ ሥር የሚገባው ካርቶን፣ ፎቶው የሚታይበት መስኮቱ ጠበብ ተደርጎ ከተቆረጠ፣ ያልተወደደ አጎት ሳይቀደድ ከሠርግ ፎቶ ይጠፋል። ስንቱን አጎት እንዲህ ሸኝቷል። እያፏጨ ካርቶኑን ቆረጠ፤ ዘበኛው ከነጠመንጃው ተሸፈነ።

ሚስቱ ፍሬሙን ወደ ብርሃኑ አዙራ አየች። እሱ የሚመልሰውን ውሸት አዘጋጅቶ ጠበቀ።

"ጎሽ፣ የኔ ጌታ" አለች። "ከዚያ ዘበኛ ገላገልከኝ። እናቴ ደረጃውን ወልውላ ሳትጨርስ በጭቃማ ከስክስ ጫማው የሚረግጥባት እሱ ነበር።"

"እናትሽ?"

ደረጃው ላይ፣ ባሏ በማጉያው ሲያይ ባልዲ ነው ብሎ ያለፋትን ጥቁር ነጥብ በጣቷ አሳየችው። "ይቺውልህ፣ ጎንበስ ብላ። ሌላ ፎቶ የላትም። ደህና አደርሽ ሳልላት ቀኔ አይቃናልኝም።"

ፍሬም ሠሪው ደስታው ልክ አጣ። ፍሬሙን በገዛ እጁ ከአልጋቸው ትይዩ ሰቀለው፤ በአማትማ አይቀናም።

በማግስቱ ጠዋት ሚስቱ አሁንም መጀመሪያ ወደ ግድግዳው ሄዳ አንሾካሾከች። ከዚያ ወደ ባሏ ዞራ "አንተስ ደህና አደርክ?" ብላ ጎኑ ጋደም አለች። ልቡ ቅቤ ጠጣ።

ወዲያው አንድ ነገር ትዝ አለው። ዘበኛውን ሸፈነው እንጂ አልቆረጠውም። ከካርቶኑ ኋላ ከነሰፊ ትከሻው ቆሟል፣ ፊቱን ወደ አልጋው አዙሮ።

ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ሳብ አደረገላት።