ትንፋሽ ጠባቂው ማውስ

"ፈሪ ለእናቱ" ይባላል። ለልጁ ምን እንደሚሆናት ግን ማንም አልነገረኝም። ልጃችን ያለ ጊዜዋ ተወልዳ፣ ከሆስፒታል ወደ ቤታችን ስትመጣ ፈሪነቴ ልክ አጣ። ሐኪሟ ስትሸኘን፣ "እንዲህ ያሉ ትንንሾች አንዳንዴ መተንፈስ ይረሳሉ። ዓይናችሁ አይለያት። ካቆመች ውስጥ እግሯን ቆንጠር አድርጉና ወዲያው አምጧት" አለችን። ይረሳሉ! ሰው ቁልፍ ይረሳል፣ ጃንጥላ ይረሳል፤ ትንፋሽ እንዴት ይረሳል?

ባለቤቴ አጠገቧ ተተክላ ዓይኗ ደም መሰለ። እሷ ሲደክማት ተራው የኔ ነው፤ እኔ ደግሞ ትክ ብዬ ባየሁ ቁጥር ጨርቁ የተንቀሳቀሰ፣ መልሶም ያልተንቀሳቀሰ እየመሰለኝ ጭንቅላቴ ይዞራል። አማቴ ሊጠይቁን ሲመጡ፣ "ብቻ ሰማንያ ቀኗ ደርሶ ለክርስትና ያብቃት" ይላሉ። "አሜን፣ እማማ" እላለሁ።

ኤሌክትሮኒክስ አስተምራለሁ፤ ስፈራ ደግሞ እጄ ሥራ ይፈልጋል። አንድ የድሮ ማውስ አውጥቼ ገመዱን ቆረጥኩና፣ ቀጫጭን ሽቦዎቹን ተማሪዎቼ የሚለማመዱባት የማይክሮኮንትሮለር ቦርድ፣ መዳፍ የማትሞላ የኮምፒውተር ሰሌዳ፣ ላይ በየድኩ። ማውስ ከሥሩ ባለው ቀይ መብራት የሚያየው ነገር ፀጉር ታህል ፈቀቅ ካለ ያውቃል። እንግዲህ በሽቦ ከአልጋችን ጠርዝ አስሬ፣ የልጄን ሆድ የሸፈነው ጨርቅ ላይ ዝቅ አደረግኩት። ጨርቁ ከፍ ዝቅ ሲል ቦርዷ ላይ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ይላል፤ ጨርቁ ዝም ካለ ማንቂያዋ ትጮሃለች። መጀመሪያ ትራስ ላይ ሞክሬያት በሩ ጋ ቆሜ ጠበቅኩ። ጮኸች። እንዴት ደስ አለኝ!

"በል እንግዲህ፣ እኔም ልተኛ፣ አንተም እፎይ በል" አለችኝ ባለቤቴ። ከሰዓት በኋላ ነበር። ልጅቷን አልጋው ላይ አስተኝታ ሶፋው ላይ ጋደም አለች። እፎይታ ከየት ይምጣ! አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ዓይኔን መብራቷ ላይ ተከልኩ። ብልጭ። ብልጭ። እሰይ የኔ እናት፣ ተንፍሺልኝ፣ እላለሁ። ፊቷን ቀና ብዬ አላየሁም። ምን ያደርግልኛል? መብራቷ እየነገረችኝ ነው።

ባለቤቴን ምን እንዳባነናት እስከ ዛሬ አታውቀውም። ብድግ ብላ መጣችና፣ "አንተ! ከንፈሯ!" ብላ ጮኸች።

የልጄ ከንፈር ጠቁሯል።

በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ባለቤቴ አፈፍ አድርጋ አነሣቻት፤ ውስጥ እግሯን ቆነጠረቻት፣ ጀርባዋን አሸቻት፣ ደግማ ቆነጠረቻት። "ነይ፣ ነይ የኔ ዓለም፣ ነይ!" ትላለች። እኔ በተቀመጥኩበት ደርቄ ቀርቻለሁ። ከዚያ እንደ ድመት ግልገል ያለ ቀጭን ለቅሶ ተሰማ። ከንፈሯ ቀስ እያለ ቀላ።

ልጄ ስታለቅስ እኔም አለቀስኩ። ባለቤቴ ልጅቷን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ በአንድ እጇ ነጠላዋን ስትፈልግ ቆይታ ድንገት ቀጥ አለች። ባዶውን አልጋ ታያለች። ማውሱ ከአንሶላው በላይ ተንጠልጥሏል፤ አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ፣ ብልጭ ትላለች።

"እዚህ የሚተነፍሰው ማነው?" አለችኝ።

ዝቅ ብዬ አየሁ። ለካ ጉልበቴ ከቅድም ጀምሮ ይንቀጠቀጣል። አልጋው ከጉልበቴ ጋር፣ ሽቦውም ከአልጋው ጋር ይንቀጠቀጣል። ጉልበቴን በሁለት እጄ ጭምቅ አድርጌ ያዝኩት፤ ጭራሽ ባሰበት።

"ተነሥና ባጃጅ ጥራ!" አለችኝ።

ተነሣሁ። በሩ ጋ ሳልደርስ ከኋላዬ ማንቂያዋ ጮኸች።