የሊፍታችን መርከብ

ስልኩ ሲደወል ግቢው ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። የሕንፃችን ኮሚቴ ሰብሳቢ መሀል ላይ ቆሞ ስልኩን እንደ ጧፍ ከፊቱ አቁሞ ይዟል። ከጎኑ የሦስተኛ ፎቁ ነጋዴ ነው፤ የቧንቧና የሻወር ዕቃ ከቻይና ስለሚያስመጣ የመርከብ ወኪሉን ቁጥር የሰጠው እሱ ነው። ባለ ሱቋ በሱቋ መስኮት ብቅ ብላ በክርኗ ተደግፋለች። ጥበቃው የግቢውን በር ትቶ ደረጃው ላይ ቆሟል። እኔ ከሱቁ አጠገብ ካለው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬአለሁ። ጓደኛዬ ደግሞ ከሁላችንም በላይ፣ ስድስተኛ ፎቅ በረንዳዋ ላይ ናት። ከገና ወዲህ አልወረደችም።

የሊፍቱ ሞተር የተቃጠለው የገና ዋዜማ ነው። የጓደኛዬ ጉልበት ደረጃ አይችልም። ዳቦና ሽንኩርት የሚደርሳት በገመድ በምታወርደው ዘንቢል ነው። ወጣቶቹ በወንበር አድርገን እናውርድዎት ቢሏት፣ «ሬሳዬን ትሸከማላችሁ፤ እስከዚያ በእግሬ ነኝ» ብላ መለሰቻቸው። ያሳደገቻት የልጅ ልጇ ግን ከፋሲካ በኋላ፣ በግንቦት መጨረሻ ልታገባ ነው። ሊፍቱ ካልተሠራ አያቷ ሰርጓን ከበረንዳ ላይ ትሸኛለች።

ከነዋሪው የተዋጣው ገንዘብ ለሞተሩ በቅቶ ለመርከቡም ትንሽ ተርፏል። ነጋዴው ሞተሩን ከራሱ ዕቃ ጋር በአንድ ኮንቴነር ሊጭንልን ቃል ገብቷል። የቸገረን የመርከቡ የጭነት ዋጋ ነው፤ ልክ በዚያው ሰሞን ሽቅብ ወጣ። እንደገና እናዋጣ ሲባል ስብሰባው ተንጫጫ። ያን ጊዜ ነው አንዱ፣ «እትዬ መርከብ ወኪል ቢሮ አልነበር እንዴ የሠሩት?» ያለው።

እውነት ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በታይፒስትነት ገብቼ ጡረታ የወጣሁት ከዚያው ነው። በየሳምንቱ ከየወደቡ የሚመጣውን የጭነት ዋጋ የምተይበው እኔ ነበርኩ። ሰው አንድ ነገር ለብዙ ዘመን ሲተይብ የሚቀጥለውን መገመት ይጀምራል፤ የእኔም ከዚህ አያልፍም። «ቻይናዎች ዘመን መለወጫቸው ሲደርስ ፋብሪካው ሁሉ ባንድ ጊዜ ይጭናል፤ መርከቡ ይሞላል፤ ዋጋ ይወጣል» አልኳቸው። «በዓሉ ሲያልፍ ፋብሪካው ገና አልነቃም፣ መርከቡ ግን ጭነት ይፈልጋል። እስከዚያ ብንጠብቅ ይወርዳል ብዬ እገምታለሁ። ካልወረደ ሰርጉ ያልፈናል።»

«ጠብቁ!» አለች ጓደኛዬ ከላይ። በዚሁ ተወሰነ።

ከዚያ በኋላ ግቢያችን ጤና አልነበረውም። የሳምንቱ ዋጋ አርብ አርብ በነጋዴው ስልክ ይመጣል። ሰው ሰላምታውን ትቶ «መርከቡ እንዴት አደረ?» መባባል ጀመረ። ጥበቃው ይወርዳል አይወርድም እያለ ከታክሲ ረዳቶች ጋር በሻይ ይወራረዳል። ባለ ሱቋ ወደ አውሮፓ የሚሄዱት መርከቦች የቀይ ባሕርን ጥቃት ፈርተው አፍሪካን በሙሉ እንደሚዞሩ ስትሰማ፣ «መዞር ካልቀረላቸው በልደታ በኩል ለምን አያልፉም?» አለች። ጓደኛዬ ዋጋው ከወረደ ለልደታ ጥላ ላስገባ ብላ ተሳለች። የንስሐ አባቷ ሊጠይቋት ወጥተው ይህን ሲሰሙ፣ «ልጄ፣ መርከቡ ውስጥ ማን አለሽ?» አሏት። «ሞተር» ብላ መለሰች። እሳቸውም በደረጃው እየሳቁ ወርደው እኔን፣ «ለመሆኑ እንዴት ይመስልሻል?» ብለው ጠየቁኝ።

የቻይናዎቹ በዓል አለፈ። አርብ ደረሰ። ዋጋው ጨመረ።

ነጋዴው በትሕትና ነው የተናገረው፤ «እትዬ፣ ከእንግዲህ ብንጠብቅ ዕቃው በጊዜ አይደርስም። ተበድረንም ቢሆን ዛሬ ቦታ እንያዝ።»

ያለው ትክክል ነበር። እኔም እንደሚወርድ አውቃለሁ ማለት አልቻልኩም። ግን የፈረንጆቹ ወር መጀመሪያ መሆኑን ልብ አልኩ። የመርከብ ድርጅቶች ወር ሲገባ ጭማሪ ያውጃሉ፤ ማወጅ አንድ ነገር ነው፣ ማግኘት ሌላ። ስንቱን ጭማሪ ተይቤ በሳምንቱ ሰርዤዋለሁ። «ዋጋ አትጠይቁ» አልኩ። «ቦታ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ሳይሆን ፍጥነቱን አዳምጡ።» እኛ ቢሮ መርከብ ሲሞላ ሠራተኛው፣ «እስቲ አይቼ ነገ ልደውልልዎት» ይላል። ባዶ ሲሆን ጠያቂውን አያስጨርስም።

ለዚህ ነው እንግዲህ ግቢው ውስጥ ተሰብስበን ስልኩን የከበብነው። ሰብሳቢው ድምፁን ከፍ አደረገው። ጠራ። ተነሣ።

«ሄሎ፣ እንደምን ዋልክ ወንድሜ። በሚቀጥለው መርከብ ላይ ቦታ...»

«አለ!»

ጥበቃው አፉን በመለዮው ሸፈነ። ባለ ሱቋ ወደ ውስጥ ገብታ ጠፋች፤ ሳቋ ግን ከመደርደሪያው ጀርባ ይሰማል።

«ለስንት ኮንቴነር ነው?» ይላል ሰውየው። «ለአንድም አለ፣ ለአሥርም አለ። ከሱ በፊት ባለውም አለ።»

«ምን አለ?» ጓደኛዬ ናት፣ ከላይ።

«ቦታ አለ አሉ እማማ!» ጥበቃው በሁለት እጁ አፉን ከቦ ጮኸ። «ሞልቷል ቦታ!»

«ምንድን ነው የሚያስቃችሁ?» አለ ስልኩ።

ነጋዴው ስልኩን ነጠቀ። «ይቅርታ፣ ሰርግ ቤት ነን። ዋጋው ያው አዲሱ ነው?»

«እሱማ... እንነጋገራለን።»

ነጋዴው ስልኩን ዘጋና እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «እንነጋገራለን አለ! ስንት ዘመን ስለምነው እንነጋገር ብሎኝ አያውቅም!» ሰብሳቢው፣ ቁም ነገረኛ ሰው፣ በቆመበት ትከሻውን አንድ ጊዜ ሰበቀ፤ ወዲያው ደግሞ ማንም እንዳላየው አድርጎ ኮቱን አስተካከለ። ሁላችንም አይተናል።

አንድ ሳምንት ጨምረን ጠበቅን። የዚያን ሳምንት ነገር አልጽፍም። አርብ ዋጋው ወረደ፣ ያዋጣነውም በቃ። ነጋዴው በማግስቱ ቦታ ያዘ። የጓደኛዬ ዘንቢል ሁልጊዜ ባዶውን ወርዶ ሞልቶ ነው የሚወጣው። የዚያን ቀን ግን ሞልቶ ወረደ፤ ከረሜላ ነበር፣ ለግቢው በሙሉ። ሽማግሌው ሁሉ ጉንጩን አሳብጦ ዋለ።

ሞተሩ ጅቡቲ ደረሰ፣ በከባድ መኪና ሞጆ ገባ፣ ከጉምሩክ ወጣ። ሠራተኞቹ ገጥመው የጨረሱት የሰርጉ ዋዜማ ነው። ጥበቃው ማንም ሳይሾመው የሊፍት ሹፌር ሆነ። ያን ቀን እስኪመሽ ሰው ያለ ጉዳይ ሲወጣና ሲወርድ ዋለ። አራተኛ ፎቅ ያሉ ባልና ሚስት ልብሳቸውን ቀይረው መጥተው ወጡ፣ ወረዱ፣ አመስግነው ሄዱ። ጓደኛዬ ብቻ፣ «እኔ የምወርደው ለሰርጉ ነው» ብላ በሯን ዘግታ አደረች።

በማግስቱ ጠዋት ሁላችንም ታች ቆመን ጠበቅናት። በሩ ተከፈተ። ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ምርኩዟን ይዛ ጥበቃው አጠገብ ቆማለች። አንድ እግሯን አወጣችና መሬቱን አየች።

«ሲሚንቶው ተሰንጥቋል» አለች። «ከላይ አይታይም ነበር።»

እልልታው ግቢውን ሞላው። እስኪበርድ ጠበቀችና ወደ እኔ ዞረች።

«ተሳስተሽ ቢሆን ምን ትዪኝ ነበር?»

«ዘንቢልሽን እሞላ ነበር።»

የተሳለችውን ጥላ ከመርካቶ የገዛሁላት እኔ ነኝ። ወደ ሰርጉ ከመሄዳችን በፊት ልደታ ልናስገባው ተነሣን። በሩ ጋ ስንደርስ ሰብሳቢው ከኋላ ሮጦ ደረሰብን።

«እትዬ፣ የውሃ ፓምፕም ለማስመጣት አስበን ነበር። መርከቡ በክረምት እንዴት ይሆን ይመስልዎታል?»

ከኋላው ነጋዴው ቀረብ አለ። ባለ ሱቋ በመስኮቷ ብቅ አለች። ጥበቃው የሊፍቱን በር በእግሩ ከፍቶ እንደያዘ ጆሮውን አቆመ።

እኔ ጥላውን በአንድ እጄ፣ ጓደኛዬን በሌላው ይዤ ወጣሁ።