የፖንሶ የደስታ እንባ

በቴሌቪዥን ሳታዩት አትቀሩም። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ አጭር ሰውዬ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ከኋላ ፒያኖ ይንቆረቆራል፤ ተራኪው ድምፁን አለስልሶ «የደስታ እንባ» ይላል። ሰውዬው ፖንሶ ነው። አጠገቡ ተቀምጦ ትከሻውን የያዘው፣ ግማሽ ፊቱ ብቻ የሚታየው ደግሞ እኔ ነኝ። የደስታ እንባ! የት አባቱ ያየውን ደስታ ነው? እስቲ እኔ ልንገራችሁ።

እኔና ፖንሶ ያንድ አገር ልጆች ነን፤ ጊምባል ከምትባል የባሕር ዳር ከተማ። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ «ማኖንግ» እለዋለሁ፤ ታላቅ ወንድም እንደማለት ነው። እሱም «ኖይ» ይለኛል፣ እንደ ትንሽ ልጅ፤ ጸጉሬ ቢሸብትም አልተወኝም። በምንሠራበት የመዝናኛ መርከብ ላይ እሱ የእንግዶችን መኝታ ክፍል ያጸዳል፣ እኔ ታች ላውንደሪ ውስጥ ካውያ ላይ ቆሜ እውላለሁ። የምናድረው ከውኃው በታች፣ መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል፣ ተደራራቢ አልጋ ላይ ነው። እሱ ታች፣ እኔ ላይ።

ሥራውን የሚወድ ሰው ነበር፤ እንዲህ ስል ግን የመርከቡን አለቃ ለማስደሰት እንዳይመስላችሁ። ፎጣ አጣጥፎ ዝሆን ይሠራል፣ ዳክዬ ይሠራል፣ ከመጋረጃ ዘንግ ላይ የሚንጠለጠል ዝንጀሮ ይሠራል። የእንግዶቹ ልጆች ማታ ክፍላቸው ገብተው ሲያዩት የሚጮኹት ጩኸት ኮሪደሩን ይሞላዋል።

«ማኖንግ፣ ላንዴ እንኳ ለእኔ ሚስት ሥራልኝ እንጂ» እለዋለሁ።

«ያንተን ምላስ የምትችል ሴት ለመሥራት የመርከቡ ፎጣ በሙሉ አይበቃም» ይለኛል።

የእሱ ሚስት ግን እሱ ባሕር ላይ እያለ ጥላው ሄዳለች። ልጅ አልነበራቸውም። የቀሩት እህቱ ሉዝቪ እና እናቱ ናናይ ፔታ ብቻ ናቸው፤ «ናናይ» እኛ ዘንድ እማዬ እንደማለት ነው። ናናይ ፔታን እኔም አውቃታለሁ፤ ገበያ ላይ ደረቅ ዓሣ ትሸጥ ነበር፤ ዋጋ የተከራከራትን ሰው አያት ቅድመ አያቱን ቆጥራ ትሰድባለች። ልጇን ግን ስታይ ቅቤ ናት።

አሁን የምነግራችሁን ያዙልኝ። እኛ ዘንድ ባሕር ላይ ላለ ሰው መርዶ አይነገርም። ለቀብር አይደርስ ነገር፣ ኮንትራቱን ቢያቋርጥ ሌላ መርከብ አይቀጥረው ነገር፤ ስለዚህ ቤተሰብ አፉን ዘግቶ፣ በስልክ እየሳቀ፣ ሰውዬው እስኪመለስ ይጠብቃል። ፖንሶ ቀደም ሲል አንዱን ኮንትራት ጨርሶ አገሩ ሲመለስ ለአባቱ ጫማ ገዝቶ ነው የገባው። አውሮፕላን ጣቢያ ሉዝቪን ሲያያት ደረቷ ላይ ጥቁር ጨርቅ በመርፌ ቁልፍ ተሰክቷል። ሐዘንተኛ ዓመቱ እስኪሞላ የማያወልቃት፣ ጣት የማታክል ጨርቅ ናት። ሰላም እንኳ ሳይላት፣ ጫማውን እንደያዘ፣ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

ከዚያ በኋላ እህቱን በመስቀል አስማላት። «ናናይ የታመመች እንደሆነ ትነግሪኛለሽ። ሥራው ገደል ይግባ። ዘልዬ እመጣለሁ። እናቴን በሕይወት እያለች ነው የማገኛት!» ሉዝቪም ማለች። እሱም ያችን ጥቁር ጨርቅ ሰክቶ ወደ መርከብ ተመለሰ። የወለሉ ተቆጣጣሪ «ይሄ የደንብ ልብስ አካል አይደለም፣ አውልቅ» አለው። አወለቀው። አንድ ቀን ሸሚዙን ስተኩስ ግን የሆነ ነገር ጣቴን ወጋኝ፤ ገልበጥ ባደርገው ጨርቋ ከውስጥ በኩል፣ ልቡ ላይ ተሰክታለች። ጨርቋን ሳልነቅል ተኩሼ መልሼ ሰቀልኩለት።

ዓመቱ ሞልቶ ጨርቋን ካወለቀ በኋላ፣ አዲስ ኮንትራት በጀመረ ሰሞን ናናይ ፔታ ስልክ ላይ መምጣት ተወች። ፖንሶ ወደብ በደረስን ቁጥር ይደውላል፤ ሉዝቪ «ተኝታለች» ትለዋለች። ሌላ ጊዜ «ጆሮዋ በስልክ አይሰማም»። ሌላ ጊዜ «ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች»።

«ምነው ኖይ፣ እናቴ እንዲህ እንቅልፋም ሆነች?» ይለኛል።

«አርጅታ ነዋ ማኖንግ። አንተም ተኛ፣ እኔንም አስተኛኝ» እለዋለሁ። ምን ልበል?

በዚህ መሃል ነው የፊልም ሰዎቹ የመጡት። በትልልቅ መርከቦች ጓዳ ያለውን ኑሮ የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም ነው ተባለ። አለቃቸው ጌማ የምትባል ቀይ ጸጉር ወጣት ሴት ናት፤ ሁሉን ሰው ታቅፋለች። ፎጣ የሚያጣጥፈውን ሰው ስታይ እንደ ወርቅ ያዘችው። ፖንሶ አንገቱን ደፍቶ እንቢ አለ። ካሜራ ያሳፍረዋል። ያን ጊዜ ጌማ እጁን ይዛ «ሌላ ቡድን አገርህ ድረስ እንልካለን። ቤትህ ሄደን እናትህን ቀርጸን እናመጣልሃለን» አለችው።

ፊቱ እንዴት እንደበራ አልነግራችሁም። «እናቴን? ፊቷን አያለሁ?»

«ፊቷን፣ ድምጿን፣ ሁሉንም!»

አለቀ። ከዚያ ወዲያ አድርግ ያሉትን ሁሉ አደረገ። ክፍላችን ድረስ ገቡ፤ ገመድ ላይ የተሰጣውን የውስጥ ሱሪዬን ሳይቀር ቀረጹት፣ እግዜር ይይላቸው። «እንደገና ተኛና እንደገና ንቃ» ይሉታል፤ ይተኛል፣ ይነቃል። «ደረጃውን እንደገና ውጣ» ይሉታል፤ አንሶላ ተሸክሞ ይወጣል፣ ይወርዳል። ከሥራው ሁሉ የሚከብደው ግን ወሬው ነበር። «ቤት ሲናፍቅህ ምን ይሰማሃል?» ትለዋለች ጌማ፣ ዓይን ዓይኑን እያየች። እንባውን እየጠበቀች መሆኑን እኔ አውቃለሁ። እሱ ግን ፈገግ ከማለት ሌላ አያውቅም፤ ፈገግ እንድንል ነዋ የሚቀጥሩን!

«ማኖንግ፣ ትንሽ አልቅስላትና ትገላግለን» አልኩት።

«እናቴን ካየሁ አለቅሳለሁ» አለኝ እየሳቀ።

ማልቀሱስ አልቀረም።

ቀኑ ደረሰና የሠራተኛው ምግብ ቤት ውስጥ ሰበሰቡን። ሰዉ ሁሉ ሩዙን እየበላ ነው፤ ያገራችን ልጆች አንድ ጠረጴዛ፣ ሕንዶቹ አንድ ጠረጴዛ፣ የሰርቢያ ልጆች ጥግ ላይ። ፖንሶን መሃል አስቀመጡት። እሱም አጠገቤ ሁን ብሎኝ ተቀመጥኩ። ጸጉሩን በውኃ አስተኝቶታል፣ ሸሚዙን እኔ ነኝ የተኮስኩለት። ካሜራው ፊቱ ላይ ተደገነ። ጌማ ስክሪኑን ከፊቱ አስቀምጣ «ዝግጁ ነህ?» አለችው። ራሱን ነቀነቀ።

ስክሪኑ ላይ ሉዝቪ መጣች። ቤታቸው ደጃፍ ላይ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ባሏ ከኋላዋ ቆሞ ያጨሳል፣ ልጆቿ እጃቸውን ያወዛውዛሉ፣ አንዲት ዶሮ በፊታቸው ታልፋለች። ጠረጴዛው ሁሉ በሳቅ አወካ። «ማኖንግ፣ እንዴት ነህ? እኛ ደህና ነን» አለች ሉዝቪ። «ናናይም ደህና ናት። ሰላም ብላሃለች። ኢሎይሎ ከተማ ዘመድ ጥየቃ ሄዳ ነው እንጂ እዚህ ትሆን ነበር።» ሳቀች። አሳሳቋ ቆንጆ ነበር፣ ተዘጋጅታበታለች። ግድግዳው ላይ ፎቶ ካለም አውርደዋል፣ ሻማ ካለም አንስተዋል። ሁሉን አስበዋል።

ደረቷ ላይ ግን ጥቁሯ ጨርቅ ተሰክታለች።

ረሳቻት። ስትተኛም ስትነሳም፣ ገበያም ኩሽናም አብራት የምትውል ጨርቅ፣ እንደ ቁልፍ የሆነች፣ ማን ያስታውሳታል? ካሜራ የያዘውም ሰው ያገራችን አልነበረም፤ ጌጥ መስሎት ይሆናል። ባሏ አለ። ልጆቿ ሁሉም አሉ። አባታቸው ዓመቱ ካለፈ ቆይቷል። ታዲያ ለማን ነው?

በኛ ጠረጴዛ ማንኪያ የያዘው እንደያዘ ቀረ። ሕንዶቹና ሰርቢያዎቹ ግን ያጨበጭባሉ፣ ያፏጫሉ፤ እነሱ ምን ያውቃሉ። ፖንሶ ጣቱን ስክሪኑ ላይ፣ ጨርቋ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ዞሮ እኔን አየኝ። አፈር ልሁን፣ ዓይኑን ማየት አቃተኝ።

«ኖይ» አለኝ ባገራችን ቋንቋ፣ ቀስ ብሎ። «እናቴ ሞታለች።»

ከዚያ ፊቱን ሸፈነ። ትከሻውን ያዝኩት። ጌማ ከካሜራው ኋላ እንባዋ ኮለል ይል ነበር፤ በሁለት እጇ አውራ ጣቷን አነሳችልን። ቋንቋውን አልሰማችማ!

በማግስቱ ወደብ ላይ ደወለ። ሉዝቪ መዋሸት አልቻለችም። ናናይ ፔታ ካረፈች ወራት አልፈዋል፤ የፊልም ሰዎቹ መርከቡ ላይ ከመውጣታቸው በፊት ነው። «ራሷ ናት ያስማለችን!» ብላ ጮኸች ሉዝቪ፤ ድምጿ እኔ ድረስ ይሰማል። «እስኪመጣ እንዳትነግሩት፣ በባሕር ላይ ብቻውን እንዳያለቅስ አለች። አንተ በመስቀል አስማልከኝ፣ እሷ በሞት አፏ አስማለችኝ። የማንን ልጠብቅ? ንገረኛ!» ፖንሶ ስልኩን ለእኔ ሰጠኝና ሄደ። እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

ቢያንስ መቃብሯ ላይ ልቁም ብሎ ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄደ። እዚያ የተቀመጠችው ሴትዮ ደግ ናት ይባላል። አስቀመጠችው፣ ውኃ ሰጠችው። «የሐዘን ፈቃድ የሚሰጠው ለቀብር ነው» አለችው። «እናትህ መቼ ነው የምትቀበረው?»

«ተቀብራለች።»

«እንግዲያማ ቀብር የለም። አዝናለሁ ፖንሶ። ኮንትራትህን ስትጨርስ ትሄዳለህ።»

ይሄን ሲነግረኝ ደሜ ፈላ። ያን ቢሮ አልደፍርም አልኩና ጌማን ኮሪደር ላይ ያዝኳት። «የደስታ መሰለሽ ያለቀሰው? እናቱ ሞታ ነው!» አልኳት። ክው አለች። አፏን ያዘች። ከልቧ ነው ያለቀሰችው፣ አልዋሽም። «አስወጣዋለሁ፣ ቃሌ ነው፣ ከፊልሙ አስወጣዋለሁ» አለችኝ። እሷም የሌላ ሰው ተቀጣሪ ናት እንግዲህ። ፊልሙ ሲታይ ያ ነገር አልወጣም። ጭራሽ መጨረሻ ላይ አድርገውት፣ ፒያኖ ጨምረውበት መጣ።

መርከቡም ኩራት ኩራት ብሎት በእንግዶቹ ክፍል ቴሌቪዥን ሁሉ ከጧት እስከ ማታ ለቀቀው። ፖንሶ አልጋ ሲያነጥፍ ራሱ ከጀርባው ያለቅሳል። መጀመሪያ ሰሞን ያጠፋው ነበር። በኋላ ተወው። ማታ ክፍላችን ውስጥ «ማኖንግ፣ ተናገር እንጂ፣ ስደበኝም ቢሆን» እለዋለሁ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ቀልዱ ጠፋ። ኮንትራቱ ሊያልቅ ሲቃረብ ሌላ ኮንትራት ጨምሮ ፈረመ። ለምን ብዬ ብጠይቀው «ማን ጋ ልሂድ?» አለኝ።

አንድ ቀን ከአስተናጋጅ ሱሪ ቅዳጅ ጥቁር ጨርቅ ቆርጬ ሰጠሁት። ሸሚዙን በተኮስኩ ቁጥር ከውስጥ በኩል አገኛታለሁ፤ ጣቴን እንዳትወጋኝ ተምሬያለሁ።

ባለፈው ሳምንት ንጹሕ ፎጣ ላደርስለት ወደ ላይ ወጣሁ። አንዲት አሮጊት እንግዳ ከክፍሏ ወጥታ ስታየው እልል ልትል ምንም አልቀራት። «አንተ ነህ! የቴሌቪዥኑ ሰውዬ! አብሬህ እኮ ነው ያለቀስኩት!» ብላ መዳፏን ደረቱ ላይ አሳረፈች፣ ልክ ጨርቋ ያለችበት ቦታ ላይ። «ያቺ ውድ እናትህ፣ እንዴት ናት?»

ፖንሶ አልሸሸም። የተቀጠርንበትን ፈገግታ ፈገግ አለላት።

«ደህና ናት፣ እመቤቴ» አላት። «ሰላም ብላዎታለች።»