የክለሳ ቁጥር የሌለው ረቂቅ

ፀደይ ጭሮ ውስጥ በአንድ አነስተኛ የዲዛይን ቢሮ የምትሠራ መሐንዲስ ነበረች። የመቻራውን የቡና መጋዘን መንደፍ ስትጀምር፣ እያንዳንዱ እርማት ከነቀኑ ተለይቶ እንዲቀመጥ ፋይሉ ከጅምሩ የክለሳ ቁጥር እንዲወጣለት አለቃዋን ኢንጂነር ኪሮስን ጠየቀቻቸው።

«ረቂቅ ነው እኮ፤ ሲጸድቅ ይደርሳል» አሏት።

«ሌላ ሰው እጅ ከገባ በኋላ ረቂቅ አይባልም፣ ኢንጂነር።»

«አንቺ ሥራሽን ሥሪ።»

ፀደይ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በሳምንቱ ጣሪያውን የሚሸከሙት ኮለኖች ብረት ማነሱን አይታ አረመችና በዚያው ፋይል በአሮጌው ምትክ አስቀመጠችው። ኪሮስ ግን አሮጌውን አስቀድመው አትመው ግንባታውን ለሚመራው ፎርማን ሰጥተውት ኖሯል። መጋዘኑ በዚያው ተሠራ። አንድ ቀን ማለዳ ጣሪያው ሲደረመስ ሙሉዓለም የሚባል ግንበኛ ከሥሩ ቀረ።

ያን ዕለት ጠዋት፣ ፀደይ ወሬውን ሳትሰማ፣ ቀድመው የሰሙት ኪሮስ «የመጋዘኑን ባለቤት ስም አርሚልኝ» ብለው ፋይሉን አስከፈቷት። አርማ አስቀመጠችው። የፖሊስ መርማሪው ኮምፒውተሩን ሲያይ ፋይሉ የታረመበት ቀን ሆኖ ያገኘው የአደጋውን ቀን ብቻ ነበር።

«ሰው ከሞተ በኋላ ነው ያረመችው» አሉት ኪሮስ ለመርማሪው፣ ፊቷን ሳያዩ።

«ቀድሜ ነው ያረምኩት» አለች። ማስረጃ ግን አልነበራትም።

ሦስት ዓመት ተፈረደባት። ከችሎት ሲያወጧት የሙሉዓለም ሚስት እንቁ በር ላይ ጠብቃ ፊቷ ላይ ተፋችባት። ፀደይ እጆቿ በካቴና ታስረው ስለነበር ልትጠርገው አልቻለችም። ኪሮስ ግን እንቁን ትከሻዋን ደግፈው ወደ መኪናቸው ወሰዷት።